መዳብ ነው ያልኩት ሽቦ

ሱቄን ከተውኩ ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ። ኮልፌ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅበት ጠባብ ቤት ነበር። ከካንዴላ እስከ ባሌስትራ ያልሸጥኩበት የመኪና ዕቃ የለም። ጉልበቴ መሰላል አልወጣም ሲል ቁልፉን ለእህቴ ልጅ ሰጥቼ ቤቴ ገባሁ። የድሮ ደንበኞቼ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ሁሉም አንድ ነገር ያነሣሉ። «ጋሼ፣ ያ ሽቦ በቢላ የሚፍቁት ነገር ግን ምን ነበር?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። አንድ ክንድ ሽቦ እንኳ ቢሆን ገዢው ፊት ጫፉን ፍቄ፣ ውስጡን አሳይቼ ካልሆነ ሸጬ አላውቅም። ገሚሱ ታማኝ ነጋዴ አለኝ፤ ገሚሱ ደግሞ ሰው የሚያስቆም ነዝናዛ ሽማግሌ። ለሁለቱም መልስ ሳልሰጥ ኖርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የምፍቀው ታማኝ ስለሆንኩ አይደለም። አንድ ጊዜ ስላልነበርኩ ነው።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ባዶ ጠርሙስ ልገዛ ነው። ፊደል ቄሱ ዘንድ እስከ ግማሹ ቆጥሬ፣ የቀረውን ከሣጥንና ከጣሳ ላይ ጽሑፍ ለቀምኩት። ጎልማሳ ስሆን ልዋጭ ሆንኩ፤ አሮጌ ልብስና ቆርቆሮ እየሰበሰብኩ በሳህንና በብርጭቆ የምለውጥ። ቀጥሎ አንድ የመናዊ ባለሱቅ ቀጠረኝ። የመጀመሪያ አለቃዬ እሱ ነው፤ ከእሱም የተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ዕቃ ካለህ መካከለኛውን ታወጣለህ፣ ጥሩውን ከኋላ ታስቀምጣለህ። እውነተኛው ገዢ ገና መንገድ ላይ ነው ብሎ ያምን ነበር። እኔም ለሥራዬ ሁሉ ይህን መመሪያ አደረግኩት። ደመወዙ እንኳ እንደዚያው ነበር፤ ጥሩውን ለኋላ እያለ ያቆየብኝ ነበር።

ጣልያን ከተማውን ሲይዝ የመናዊው ሱቁን ዘግቶ ሄደ። እኔ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኮልፌ ወጣሁ። እዚያ የጦር ሰፈር ተክለው ነበር፤ ሠራዊት የትም ሲሰፍር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያበጀው ቆሻሻ መጣያውን ነው። የተሰበረ ሣጥን፣ የተቀደደ ጎማ፣ የተበጠሰ ሽቦ፣ ቁንጥጫ ቀለም የቀረበት ቆርቆሮ፤ እነሱ ይጥላሉ፣ እኔ አነሣለሁ። ጣልያንኛዬንም ከዚያው ከመጣያው ነው የለቀምኩት። የዕቃ ስምና ስድብ አውቃለሁ። ለንግድ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ጋሽ ሳህሌን ያገኘኋቸው ዕቃዬን የሚገዛ መካኒክ ስፈልግ ነው። ከጦርነቱ በፊት የአንድ መኳንንት መኪና ነጂ ነበሩ። ጥገናውን ከአንድ አርመን ነው የተማሩት። ጌትየው ሲሰደዱ መኪናዋ አብራ ሄደች፤ እሳቸው ቀሩ። ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ላይ ባሕር ዛፎቹ ሥር ጥቂት ቆርቆሮ ከላይ ጣል አድርገው ጋራዥ አሉት። በር የለው፣ ግድግዳ የለው።

«ጋሽ ሳህሌ፣ ሌባ ቢመጣስ?» አልኳቸው መጀመሪያ ቀን።

«የተበላሸ መኪና ገፍቶ የሚወስድ ሌባ ካገኘህ አምጣልኝ» አሉኝ። «እቀጥረዋለሁ።»

መኪና ሲመጣላቸው ኮፈኑን አይከፍቱም። መጀመሪያ ባለቤቱን ያናግራሉ። መቼ ጀመራት? ጠዋት ነው ከሰዓት? ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ? ዝናብ ነበር? ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥተው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ሲፈቱ ደግሞ የወጣውን ብሎን ሁሉ ጆንያ ላይ በወጣበት ተራ ይደረድሩታል። የመጀመሪያው በግራ፣ የመጨረሻው በቀኝ። ጆንያውን ተራምዶ የሚያልፍ ሰው ሥጋ ዘመድ ቢሆን አይምሩትም። ሲጨርሱም «አለቀ» አይሉም። ቁልፉን ለባለቤቱ ሰጥተው «ትሞክረን እስቲ» ይላሉ።

አንድ ችግር ነበረባቸው። ሩቁን አጥርተው ያያሉ፤ ቅርቡ ግን ይደበዝዝባቸዋል። መነጽር ቤቱ ደግሞ በዚያ ዘመን የአገሬው ሰው እንዳሻው ዘው የሚልበት አልነበረም። ስለዚህ በጣታቸው ነበር የሚያዩት። የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የላላ ብሎን፣ የተበላ ጥርስ በጣታቸው ያገኙታል። ጣት የማይለየው ነገር ሲመጣ ብቻ ይጠሩኛል።

«አንተ ልዋጭ! ና ዓይንህን አውሰኝ።»

አውሳቸው ነበር። ቀለሙ ምን ይመስላል ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ፤ ይህ ጽሑፍ ምን ይላል ሲሉኝ እያነከስኩም ቢሆን አነብላቸዋለሁ። በዓይኔ ያየሁትን እሳቸው ራሳቸው እንዳዩት ይቆጥሩታል። ሁለተኛ አይጠይቁም።

አሁን ወደ ድርጭት ልምጣ። ድርጭት ያልናት ሁለት ሰው ተጣቦ የሚቀመጥባትን አንዲት ትንሽ መኪና ነው። ክብ ናት፣ አጭር ናት፣ ስትነሣ ድርርር ትላለች። ባለቤቷ መንገድ የሚለካ ጣልያን ነበር፤ ስሙ ለአፋችን ስላልተመቸ በሥራው ጂኦሜትራው እንለዋለን። ከተማ ያለው ጋራዥ የሚያስተናግደው የጦሩን ካሚዮን ብቻ ስለሆነ ሰውየው ተመላልሶ ተመላልሶ ሲሰለቸው ባሕር ዛፍ ሥር መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ደግ ነበር ልል ግን አልችልም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ የመጣችው ውሃ እየፈላባት ነው። ጋሽ ሳህሌ ራዲያተሩን አጠቡ፤ ሄዳ ተመለሰች። ክዳኑን ለወጡ፤ ሄዳ ተመለሰች። በሦስተኛው ጂኦሜትራውን ቁጭ አድርገው፣ በእኔ የመጣያ ጣልያንኛ ጠየቁት። ሜዳ ላይ ደህና ናት አለ። ዳገት ላይ ትፈላለች፤ ቆማ ስትቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትሄዳለች። ጋሽ ሳህሌ ይህን ሲሰሙ ውሃ የሚያስተላልፈውን የጎማ ቱቦ ነቅለው ጣታቸውን ሰደዱበት። ከውጭ ገና ያልተነካ የሚመስል ቱቦ ነው። ከውስጥ ግን ቆዳው ተልጦ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። ሲቀዘቅዝ ይተኛል፤ ሲሞቅ ያብጥና መንገዱን ይዘጋዋል።

«ውጩን እያየን ስንት ሳምንት ለፋን» አሉና ሳቁ። ቱቦውን ለወጡ። ድርጭት መፍላቷን ተወች።

ሁለተኛው በሽታዋ ግን ሌላ ነበር። ቤንዚን የሚሰጠው ፔዳል ይነክስባታል። ከፔዳሉ እስከ ካርቡራቶሩ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ልባሱ ቀልጦ ተጣብቆ ይገኛል። ይለወጣል፤ በሳምንቱ ይቀልጣል። ከዚያ ጋር ሞተሪኖው፣ ማለት ማስነሻው፣ ደከም ይላል፤ መብራቷም ይደበዝዛል። ሌላ መካኒክ ቢሆን ሦስት በሽታ ብሎ ሦስት ጊዜ ያስከፍል ነበር። ጋሽ ሳህሌ ሁለት ቀን ሲያስቡ ከርመው አንድ ጠዋት ጠሩኝ።

«ገመዱን የሚያቀልጠው ምን ይመስልሃል?»

«እሳት» አልኳቸው።

«ነጋዴ መሆንህ ደግ ነው» አሉ። «ስማኝ። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ይወጣል፣ ሞተሪኖውን ያዞራል፣ ከዚያ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። መመለሻው ማሳው ነው። ማሳው ሲበላሽበት በቃ ብሎ አይቀመጥም፤ ሌላ መግቢያ ይፈልጋል። ያገኘው ይህን ቀጭን ገመድ ነው። በመርፌ ቀዳዳ በግ ሲገባ ምን ይሆናል? ይኸው፣ ቀለጠ።»

ማሳ የሚሉት ከሞተሩ ወደ ሻሲው የሚታሰረውን፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ የመዳብ ሽቦ ነው። ቃሉ የጣልያን ነው፤ ግን አርመኑ ሲለው፣ ነጂዎቹ ሲሉት፣ እኛም ስንለው ከርመን የራሳችን መስሎን ነበር። ጋሽ ሳህሌ ገብተው ቢዳስሱት የድርጭት ማሳ ከግማሽ በላይ ተበጥሷል። ወፍራም የመዳብ ሹሩባ ፈልግ አሉኝ።

መፈለግ አላስፈለገኝም። ሁለት ነበረኝ። ሁለቱንም ከጦር ሰፈሩ መጣያ ነው ያገኘሁት። አንዱ ጠቆር ያለ፣ የዛገ የሚመስል፣ ግን መዳብ ነው። ሌላው የሚያብረቀርቅ፣ ጫፍ ጫፉ በቀለጠ ቆርቆሮ የተነከረ፣ ቆንጆ ነገር። በማግኔት ሞክሬው ነበር፤ ተጣበቀ። ብረት ነው፣ ከላይ መዳብ የተቀባ። ከመዳቡ ይልቅ መዳብ የሚመስለው እሱ ነበር።

እንደ ተማርኩት አደረግኩ። ጥሩውን ከኋላ፣ ከጣሳዬ ሥር አስቀመጥኩ። ሌላውን ይዤ ሄድኩ። ልቤ ውስጥ የነበረውን ልደብቅ አልፈልግም፤ ለጣልያን መኪና ብረት መስጠት ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። አገሬን የጠቀምኩ መሰለኝ። ማታለል የለመደ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚጎድለው ምክንያት ብቻ ነው፤ ያን ዘመን ደግሞ ምክንያት በየመንገዱ ነበር።

ጋሽ ሳህሌ ሹሩባውን ተቀብለው ጫፉን ዳሰሱት። ቆርቆሮ ስለተነከረ ለጣት ልስልስ ነው። ወደ ፊታቸው አስጠጉት፤ አራቁት። ሰጡኝ።

«እስቲ እየው። መዳብ ነው?»

«መዳብ ነው፣ ጋሽ ሳህሌ።»

አሰሩት። ለሦስት ሳምንት ድርጭት እንደ አዲስ ሄደች። ከዚያ ክረምቱ ገባ። ውሃ ከሹሩባው ጫፍ ቆርቆሮ ሥር ሰርጎ ብረቱን ከውስጥ ይበላው ጀመር። ገመዱ ቀለጠ። ጋሽ ሳህሌ የማሳውን ጫፍ ፈቱ፣ የሚታሰርበትን የሻሲ ቦታ ፋቁ፣ መልሰው አጠበቁ፤ ለሳምንት ሄደች። ዘነበ። ቀለጠ። እንደገና ፋቁ፣ አጠበቁ። ዲናሞውን አወረዱ፣ ባትሪውን ለወጡ፣ ሞተሪኖውን በትነው ጆንያቸውን ሞሉት። ሹሩባውን ግን አልጠረጠሩትም። መዳብ ነው የተባለ ነገር ነው። በእኔ ዓይን አይተውታል።

«ምን እያደረግኳት ነው?» ይሉኝ ነበር። «ሥፍራውን አውቄዋለሁ። በሽታዋ እዚህ ነው። ለምን አትሽርም?»

በዚያ ጊዜ መናገር ይቻል ነበር። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ሄጄ ሹሩባውን በስውር ለመለወጥም አስቤ ነበር። ግን ጋራዡ በር የለውም፣ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ ነገ ነገ ስል ሳምንት አለፈ። ደግሞ እሳቸው ፊት ቆሜ «ያ ሽቦ» ብዬ ለመጀመር አፌን ስከፍት፣ «አንተ ልዋጭ» ብለው የሚጠሩኝ የፍቅር ስም ዳግመኛ እንደ ቀድሞው የሚጠራ አልመስልህ አለኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጂኦሜትራው ወደ ምዕራብ ሲሄድ ድርጭት ኬላውን አልፋ ቆመች። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው እዚያ መንገድ ላይ ስትቆም። የዚያን ቀን ግን ከማዶ ሁለት ጥይት ተተኮሰ። ሰውየውን አልነካውም፤ የመኪናዋን በር በሳው። አርበኞቹ ከዚያ ወዲያ እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። የፖሊሱ አለቃ፣ ማሬሻሎ የሚሉት፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው። ይህች መኪና ለምን ሁልጊዜ እዚያ ትቆማለች?

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ወደ ጋራዡ መጡ። ማሬሻሎው፣ ሁለት ወታደርና አንድ አስተርጓሚ። አስተርጓሚው ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ጣልያንኛውን ከመጽሐፍ የተማረ የአገራችን ሰው ነው። መኪና ውስጥ እንኳ ተቀምጦ የሚያውቅ አይመስለኝም። ድርጭት ማታውን ተጎትታ መጥታ ነበር፤ ጋሽ ሳህሌ ሞተሪኖዋን አውርደው ብሎኑን ጆንያ ላይ ደርድረው ነበር። እኔ ዳር ላይ መፍቻ ይዤ ቆሜያለሁ።

ማሬሻሎው ሣጥን ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ከፈተ። አስተርጓሚው ጀመረ።

«ይህች መኪና ስትመጣልህ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው ይልሃል።»

«ማሳዋን አያለሁ» አሉ ጋሽ ሳህሌ።

«ማሳ?»

«አዎ፣ ማሳ። ሌላ ነገር ከመንካቴ በፊት ማሳውን ነው የማየው።»

አስተርጓሚው ግንባሩን ቋጠረ። በእሱ አማርኛ ማሳ የሚታረስ መሬት ነው። ትንሽ አሰበና ለማሬሻሎው «ካምፖ» አለው። ካምፖ በጣልያንኛ እርሻ ነው። የጦር ሰፈርም ካምፖ ነው። የማሬሻሎው እርሳስ ቆመ።

«በየስንት ጊዜው ነው የምታየው ይልሃል።»

«በየሳምንቱ። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ቶሎ ቶሎ።»

«የትኛውን?»

«ስንት ማሳ አላትና? ከታች ያለውን ነዋ። ሽቦ የታሰረበትን።»

ከጋራዡ ቁልቁል፣ ከታች፣ ዙሪያውን በሽቦ የታጠረው የጦር ሰፈር ይታይ ነበር። ማሬሻሎው ቀና ብሎ ወደዚያ አየ።

«ምን ታደርገዋለህ?»

«አጠብቀዋለሁ እንጂ ምን አደርገዋለሁ።»

ጋሽ ሳህሌ ያሉት ብሎኑን አጠብቀዋለሁ ነው፤ አስተርጓሚው ግን እጠብቀዋለሁ ብሎ ሰማው፣ እየተከታተልኩ አየዋለሁ ማለት ነው። እንደ ሰማው አስተረጎመ። ሰውየው ተንኮል አልነበረውም። አንድም ቃል የጨመረ አይመስለውም።

እኔ ሁሉንም ሰማሁ። ሁለቱንም ቋንቋ ሰምቶ የመኪና ማሳ ምን እንደሆነ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። «ካምፖ አይደለም ሲኞሬ፣ ማሳ ነው፣ የሞተሩ ማሳ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ቃሉ የራሳቸው ነው፤ ማሬሻሎው ወዲያው ይገባው ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አየሁት። ማሳው ከሆነ ለምን በየሳምንቱ ይበላሻል? እስቲ አሳየኝ ይላል። ይፈታል፣ ይፋቃል፣ ብረት ይወጣል። ይህን ማን አመጣ? ከጦር ሰፈሩ መጣያ የተወሰደ ሽቦ፣ የተተኮሰባት የጣልያን መኪና ላይ።

ማሬሻሎው ወደ እኔ ዞሮ በእርሳሱ አመለከተኝ። አስተርጓሚው «አንተስ ማነህ?» አለኝ።

«እኔ ነጋዴ ነኝ» አልኩ።

ጋሽ ሳህሌ ቀጠሉበት። «እሱን ተዉት። ዕቃ ሻጭ ነው፤ ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር የለም።» ሊያድኑኝ ነው ያሉት። እኔም ዳንኩ።

ወታደሮቹ ሲይዟቸው አልታገሉም። ነገሩ እስከ ማታ የሚጣራ መስሏቸው ነበር። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና «አንተ ልዋጭ፣ ጆንያውን ሰው እንዳይረግጥብኝ» አሉኝ። ካሚዮኑ ላይ ሲወጡ ጉልበታቸውን ይዘው ነበር፤ ሽማግሌ መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት።

በአራተኛው ቀን ጂኦሜትራው በእግሩ መጣ። ፈራ ተባ እያልኩ፣ ባለችኝ ጣልያንኛ፣ ካምፖ ሳይሆን ማሳ ለማለት ነው ብዬ ነገርኩት። እጄን ወደ ሞተሩ ዘርግቼ አሳየሁት። ወዲያው ገባው፤ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። ሄደህ ንገራቸው አልኩት። የሽቦውን ነገር ግን ለእሱም አልተናገርኩም። ፊቱን ወደ ጦር ሰፈሩ አዞረ። ኋላ «እኔ መንገድ ለኪ ነኝ» አለኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ከአራት ቀን በፊት እኔው ነበርኩ የሰጠሁት።

ከዚያ ወደ መኪናዋ አየና «አንተ ትሠራታለህ?» አለ።

ሠራኋት። በማግሥቱ ጠዋት ጠቆር ያለውን ሹሩባ ከጣሳው ሥር አወጣሁ። የብረቱን ፈታሁ፤ ሳጎብጠው እጄ ላይ ተሰበረ፣ ውስጡ ቀይ ዱቄት ሆኗል። መዳቡን አሰርኩ። ሞተሪኖውን በጆንያው ተራ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየመለስኩ ገጠምኩት፤ አንድ ብሎን አልተረፈኝም፣ አንድ አልጎደለኝም። በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣች። ጂኦሜትራው «ብራቮ» ብሎኝ ነድቶ ሄደ። ድርጭት ከዚያ በኋላ ለማሳ ችግር አንድ ቀን ተመልሳ አልመጣችም።

ጋሽ ሳህሌን ጥቂት ጊዜ ከተማ አቆዩአቸው። ኋላ ወደ ባሕሩ፣ ወደ ቆላው እስር ቤት ወሰዷቸው ተባለ። እኔ ንግዴን ቀጠልኩ። ጣልያን ወጣ፤ የተጋዙት ተራ በተራ ይመለሱ ጀመር። ከእሳቸው ጋር የታሰረ አንድ ሰው መጥቶ በትኩሳት መሞታቸውን ነገረን። ምን ይሉ ነበር ብዬ ጠየቅኩት። ብዙ አይናገሩም ነበር አለኝ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ቀራንዮ ወረድ ብሎ ነበር የሚኖሩት። ከታሰሩ ጀምሮ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ጨው ይዤ እሄዳለሁ፣ ሳሙና ይዤ እሄዳለሁ። ለጎረቤት «እንደ ወንድሙ ነው» እያሉ ያወሩልኝ ነበር፤ ያን ስሰማ ወደ ቤቴ በሌላ መንገድ ነበር የምመለሰው። ለቅሶው ካለቀ በኋላ፣ ሙት ዓመታቸው ሲወጣ፣ አልቻልኩም። አንድ ቀን ከሰዓት ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ደጃፋቸው ላይ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅሙ ነበር። ቁጭ በል አሉኝ፤ ቁጭ አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሁለቱን ሽቦ፣ መዳብ ነው ማለቴን፣ ካምፖውን፣ ነጋዴ ነኝ ማለቴን።

ቀና አላሉም። ጣታቸው ጠጠሩን እየለየ ወደ ጠርዙ ይገፋል። የምጠብቀው እርግማን ነበር፤ ተዘጋጅቼም ነበር የሄድኩት።

«ከዚያ በኋላስ መኪናዋ?» አሉኝ።

«መኪናዋ እንዴት?»

«ተሠራች ወይ ነው የምልህ።»

«ተሠራች።»

«ማን ሠራት?»

«እኔ።»

«ስንት ቀን ፈጀብህ?»

«አንድ ጠዋት» አልኩ።

ጣታቸው ቆመ። ሰፌዱን አንሥተው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ያን ክረምት ሙሉ እንቅልፍ አልነበረውም» አሉ። «ተነሥቶ ይቀመጥና እጁን እንዲህ እያገላበጠ ያያል። ‹ዘነበች፣ እጄ ከዳኝ› ይለኛል። ‹አንዲት ትንሽ መኪና፣ በሽታዋን እያወቅኳት አቃተችኝ። ከእንግዲህ የሰው መኪና መንካት የለብኝም› ይላል። የያዙት ቀን ጠዋት እንኳ ይቺን ብቻ ልሞክርና እተወዋለሁ ብሎ ነው ከቤት የወጣው። አይዞህ እለው ነበር። ማርጀት ነው እለው ነበር። ምን አውቄ።»

ዓይኔን ሰፌዱ ላይ ጣልኩ።

«ማሰሩንስ ጣልያን አሰረው እንበል» አሉ። «ያን ያህል ሰው አስሯል። እጄ ከዳኝ ብሎ እንዲሞት ያደረግከው ግን አንተ ነህ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ባሕር ዛፉ ሥር ይቀመጡ የነበሩት ነጂዎች አሉ አይደል? ሳህሌ አርጅቶ አንዲት ድርጭት አቃተችው እያሉ የሳቁበት። ሄደህ ንገራቸው። ስለ እኔ አይደለም፤ እኔን ተወኝ። እጁ ደህና ነበር ብለህ ንገራቸው።»

እሺ ብዬ ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ ጨዌን አልተቀበሉኝም።

ነጂዎቹ ዘንድ ሄጄ ነበር። ጋሽ ሳህሌ ጎበዝ ነበሩ አልኩ፤ ሁሉም ጎበዝ ነበሩ አሉ፣ ነፍስ ይማር ተባለና ወሬው ተቀየረ። እንዴት አወቅህ የሚል ሰው ቢኖር የሽቦው ነገር ሊመጣ ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሱቅ ልከፍት ቤት ተከራይቼ ነበር። ስለዚህ እትዬ ዘነበች ያሉኝን ሳልፈጽም እሳቸውም ሞቱ፤ ነጂዎቹም አንድ በአንድ አለቁ። አሁን ሱቁ የእኔ አይደለም፣ የሚሸሸኝ ደንበኛም የለም፤ ልናገር ብዬ ስቀመጥ የሚያውቋቸው ሰዎች አልቀው፣ ለማያውቋቸው መጻፍ ሆነብኝ። ቢሆንም ይጻፍ። ያን ክረምት ድርጭትን አምስት ጊዜ ፈትተው አምስት ጊዜ ገጥመዋታል፤ አምስቱንም ጊዜ በሽታዋን በትክክል አግኝተዋል፤ አንድም ብሎን አላዛቡም። ሐሰተኛው ሽቦው ነበር፣ ሽቦውም የእኔ ነበር። የጋሽ ሳህሌ እጅ ደህና ነበር።